ብረት ገባ፣ 4:10

ይህን ጽሑፍ ቀስ ብዬ ነው የጻፍኩት። በቀን አምስት ስድስት መስመር፤ ብዙ ቀን ደግሞ ምንም። መርሳ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን «ድርሰት መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ይኑረው» እላቸዋለሁ። የራሴን ልጽፍ ስቀመጥ መጀመሪያው የት እንደሆነ ጠፋኝ። ስለዚህ ከጎጆዋ እጀምራለሁ።

ከመርሳ ወደ ግራና ሲኬድ ከመንገዱ ወጣ ብሎ፣ የሽንኩርቱ ማሳ አልቆ ቁጥቋጦው በሚጀምርበት፣ በባለቤቴ ቤተሰቦች መሬት ላይ አንዲት ጎጆ አለች። ግድግዳዋ ድንጋይ፣ ክዳኗ ሣር ነው። አንድም ሚስማር የለባትም። ማገሩ በልጥ ታስሯል፤ በሯ በጠፍር ላይ ይዞራል፤ መቀርቀሪያዋ እንጨት ነው። መሐል ወለሏ ላይ ተቆፍሮ የተቀበረ መሣሪያ አለ። የምድርን ማግኔት ይለካል፣ በየሰከንዱ፣ ቀንም ሌሊትም። ከጎጆዋ መቶ እርምጃ ርቆ ደግሞ ልኬቱ የሚጠራቀምበት ኮምፒውተርና የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ያለበት ትንሽ ክፍል አለ።

ባለቤቴ እንድሪስ ወልድያ ፊዚክስ ያስተምር ነበር። ጎጆዋን የሠራት እሱ ነው። ፀሐይ የምትልከው ብርሃንና ሙቀት ብቻ አይደለም ይል ነበር፤ የማይታይ ነፋስም ትልካለች። ነፋሱ አንዳንዴ ማዕበል ይሆናል። ማዕበሉ ከምድር በላይ ያለውን ሰማይ ሲመታ ሳተላይት ይሳሳታል፣ የአውሮፕላን ሬዲዮ ይታፈናል፣ የምድር ማግኔት ይንቀጠቀጣል። ይህን የሚያጠኑ ሰዎች በየአገሩ አሉ። አብዛኞቹ በአካል አይተዋወቁም፤ ግን እያንዳንዱ የአገሩን ልኬት በየቀኑ አንድ ቦታ ያኖራል፣ ሁሉም ከዚያ ያነባል። እንድሪስ «ማኅበራችን» ይላቸዋል። እኔ «ጀማዓህ» እለው ነበር። «ጀማዓህ ዛሬ ምን አለ?» ስለው ይስቃል።

ብረት የመሣሪያው ጠላት ነው። ማጭድ ይዞ በአጠገቡ ያለፈ ሰው ልኬቱ ላይ ከፀሐይ የመጣ ነገር ይመስላል። ስለዚህ ወደ ጎጆዋ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተቀምጧል። የሚያልፍ ሁሉ ማጭዱን፣ ማረሻውን፣ ቁልፉን፣ ስልኩን እዚያ ያኖራል፤ ሲመለስ ይወስዳል። መስጊድ ሲገባ ጫማ እንደሚወልቀው ሆኖ ተለመደ።

«እንድሪስ፣ ጥርሴ ብረት ነው፤ እሱንም ላውልቀው?» ይሉታል ገበሬዎቹ።

«አፍህን ግጠምና እለፍ።»

መጀመሪያ የወሰደኝ ቀን የጋብቻ ቀለበቴን በትንሽ ማግኔት ሞከረው። «ወርቅ አይቆጠርም፤ እለፊ» አለኝ።

በስህተት ብረት ካለፈ መዝገብ ላይ ይጻፋል። መዝገቡ ጎጆዋ በር ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚውለው፤ በክር የተሰፋ ነው፣ ስቴፕል የለውም። የገባ ጊዜ «ብረት ገባ» ተብሎ ሰዓቱ ይጻፋል። ሲወጣ «ብረት ወጣ» ተብሎ ሰዓቱና ምን እንደነበር ይጻፋል። «አህያ፣ ከነጭነቱ።» «መንገድ የሳተ ባጃጅ።» «ሠርገኞች፤ ብዙ ጩቤ።» ሰዓቱ ሁልጊዜ የዓለም ሰዓት ነው፤ ማኅበሩ በሙሉ የሚጠቀምበት። እንዴት እንደሚቆጠር አንድ ቀን አስተምሮኝ ነበር፦ «በእኛ ሰዓት ላይ ሦስት ደምሪ። በፈረንጅ ሰዓት ከሆነ ሦስት ቀንሺ። ሁለቱም አንድ ቦታ ያደርሱሻል።» ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያ መዝገብ ላይ ሰዓት አልተሳሳተም።

የጎጆዋ ጠባቂ አባ ሙሄ ናቸው፤ የእንድሪስ አባት የዕድሜ እኩያ። ሰዓት አያስሩም፣ ብረት ስለሆነ። «ከዙሁር ሶላት ትንሽ ቀደም ብሎ አህያ አለፈ» ይሉታል፤ እሱ ያሰላዋል። እንድሪስ ዶክትሬት አልነበረውም፤ እሳቸው ግን ዶክተር ከማለት ዝቅ ብለው አያውቁም።

አሁን ወደዚያ ጠዋት ልምጣ።

ከሳምንት በፊት ልጃችን ረምላ ትምህርት ቤት ወድቃ የእጇ አንጓ ተሰበረ። ዘጠኝ ጊዜ ደወልኩለት። ጎጆዋ ውስጥ ነበር፤ ስልኩ ድንጋዩ ላይ። ሲመለስ ጄሶው ተደርጎላት አልቆ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ቂሜን ይዤ ቆየሁ።

በዋዜማው ከማኅበሩ መልእክት መጣለት። ፀሐይ ወደ እኛ አቅጣጫ ትልቅ ነገር ወርውራለች፤ ነገ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል የሚል። እንደ ልጅ ደስ አለው። «እንግዳ ይመጣል» ይላል እንዲህ ሲሆን። ጠዋት ከአንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል፣ እኔ ረምላን ላጥባት ስል፣ ውሃ እንዳይነካው ጄሶዋን በፌስታል እየጠቀለለላት ነበር። «ዛሬ ቀደም ብዬ ገብቼ ሁሉን አያለሁ፤ እንግዳው ሲደርስ መሣሪያው ቀጥ ብሎ መቀመጥ አለበት» አለ።

«ዛሬም ብደውል ድንጋዩ ነዋ የሚያነሳልኝ» አልኩት።

«ዘሀራ…»

«ድንጋይ ነው ያገባሁት። እንግዳህ ሲደርስ ለድንጋዩ ንገረው፤ እሱ ይነግረኛል።»

ረምላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ፌስታሉን አሰረላት፤ ያችን ባለ ቁልፍ ስልኩን ከጠረጴዛው አንስቶ ኪሱ ከተተና ወጣ። አላየሁትም። ጀርባዬን ሰጥቼ ሳሙና እፈልግ ነበር።

በእረፍት ሰዓት ከመምህራን ክፍል ደወልኩለት። ምንም ጉዳይ አልነበረኝም። ልፈትነው ነው የደወልኩት፤ አለማንሳቱን አረጋግጬ ማታ ልነግረው። ጠራ፣ አልተነሳም። ወዲያው ደገምኩ። ትንሽ ቆይቼ ሠለስኩ። «ድንጋይ» አልኩ ለራሴ፤ ክፍል ገባሁ። ልቤ አልረጋም መሰለኝ፣ ከክፍል ወጥቼ አራተኛ ስደውል ተነሳ። አባ ሙሄ ነበሩ።

«ልጄ፣ ነይ።»

«ምን ሆኖ ነው?»

«ነይ ብቻ።»

ልብ ነው አሉ። ጎጆዋ ውስጥ፣ መሣሪያው አጠገብ ነው የወደቀው። ወዲያው ነው አሉኝ። ሁሉም ሰው ወዲያው ነው አለኝ፤ የሚያውቅም የማያውቅም።

ከአሱር ሶላት በኋላ ቀበርነው። የቤተሰቡ መቃብር ከጎጆዋ ማዶ ነው። አባ ሙሄ ዱላቸውን ይዘው አቋራጩ መንገድ ላይ ቆሙና ዶማና አካፋ የያዘውን ሁሉ መለሱት። «በዚህ አያልፍም። በወንዙ ዙሩ።» ሰው ተቆጣ። «ሽማግሌው ጨረቃ መታቻቸው እንዴ?» ያለም ነበር። እሳቸው ግን አልተነቃነቁም። ጀናዛው፣ አስከሬኑ ራሱ፣ በወንዙ በኩል ዞሮ ሄደ። አፈር ሲለብስ የጠበቀው እንግዳ ደረሰ፤ ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። ሰማዩ ላይ ምንም አልታየም። እንደማንኛውም ቀን ነበር።

ያን ቀን ማታ ስልኬን አጠፋሁት። ሳጥን ውስጥ ከጋቢው ሥር ከተትኩት። የሚፈልገኝ በረምላ በኩል ፈለገኝ። ዒዳዬን፣ ባል የሞተባት የምትቆይበትን አራት ወር ከአሥር ቀን፣ ቤቴ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ ብል እዋሻለሁ። ሰው ሲያለቅስ አይ ነበር። ሰው ሲሄድ ሳህን አጥብ ነበር።

ዒዳው በወጣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት በር ተንኳኳ። ተክላይ ነው፤ የእንድሪስ የሥራ ባልደረባ፣ ወልድያ ተወልዶ ያደገ፣ ከባለቤቴ ጋር አንድ ቢሮ ዘጠኝ ዓመት የተጋራ። ኮምፒውተሩን በትከሻው አንግቷል። ገብቶ ተቀመጠና ጫማውን ማየት ጀመረ።

«ሻይ ላፍላልህ?»

«የለም። ዘሀራ፣ ዒዳሽ እስኪወጣ ጠብቄ ነው። ከጀማዓው ደብዳቤ አለ።»

ቃሉን ከእኔ ነው የለመደው።

«ያ ማዕበል በጣም ትልቅ ነበር» አለ። «የዓለሙን ልኬት ሁሉ አንድ ላይ እያዘጋጁ ነው። የእኛ ጎጆ የምድር ማግኔት ወገብ አጠገብ ስለሆነች በጣም ይፈልጓታል። ከሰዓት በኋላ የለካችው ንጹሕ ነው። አንድ ጭረት የለበትም።»

«አባ ሙሄ ናቸው።»

«አውቃለሁ። ችግሩ ጠዋቱ ነው።»

ኮምፒውተሩን ከፍቶ አንድ መስመር አሳየኝ። መስመሩ ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣል፤ አንድ ቦታ ላይ በድንገት እንደ ደረጃ ይዘላል።

«ይኸ ደረጃ በዓለም ሰዓት 7:10 ላይ ነው። መዝገቡን አየሁ። የመጨረሻው ጽሑፉ ‹ብረት ገባ፣ 4:10› ይላል። በ4:10 መስመሩ ዝም ነው። በ7:10 ደግሞ መዝገቡ ዝም ነው።»

«እና?»

«እና ደረጃው ብረት አይደለም ይላሉ። መሣሪያው ተነክቶ ነው። ተነክቶ ከተዛነፈ ደግሞ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አይታመንም። ጠዋት መስመሩ በራሱ ሽቅብ ስለሚወጣ፣ ወደ ቦታው ተመልሶ እንደሆነ በዓይን አይለይም። እዚያ እንደወደቀ ያውቃሉ። ስለዚህ ሲወድቅ…»

«ሲወድቅ ነክቶታል ነው የሚሉት።»

«አዎ።»

«ከዚያስ?»

«ቀኑን ያወጡታል። ባዶ ይሆናል። እስከ ዛሬ መግሪብ፣ ጀንበር እስክትጠልቅ፣ መልስ ካልላክን።»

ዘጠኝ ዓመት ሚስማር ሲለቅም የኖረ ሰው በመጨረሻ በራሱ ገላ ልኬቱን አበላሸ ማለት ነው። ይህን አሰብኩት። አሰብኩት እንጂ አልተሰማኝም። ጣቴን 4:10 የሚለው ላይ አድርጌ ደመርኩ።

«በእኛ ሰዓት ጽፎት ቢሆንስ? ሦስት ሲደመር 7:10 ነው።»

«እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነው። ልክክ ይላል። ግን ዘጠኝ ዓመት ያልተሳሳተ ሰው ያን ቀን ተሳሳተ ብዬ በግምት ብጽፍ ማን ይቀበለኛል? ምን ብረት እንደነበርም አልጻፈም። ማስረጃ ይላሉ።»

«በዓለም ሰዓት 4:10 ማለት በእኛ አንድ ከአሥር ነው?»

«አዎ፣ ጠዋት።»

«አንድ ከአሥር ላይ እዚህ ነበር። የረምላን ጄሶ በፌስታል እየጠቀለለ።» ጄሶው ከተፈታ ቆይቷል። የነበረበትን ቦታ በእጄ አሳየሁት፤ ለምን እንዳሳየሁት አላውቅም።

ተክላይ ማስታወሻ ላይ ጻፈ። «ይኸ አንድ ነው። ብረቱስ? እሱ ምን ብረት ይዞ ይገባል?»

«ምንም አይዝም» አልኩ። ሁለታችንም ይህን በደንብ እናውቃለን። ያስቸገረንም እሱ ነው።

«አባ ሙሄን እንጠይቅ። አንቺን ስንት ሰዓት ላይ ነው የጠሩሽ?»

አላውቀውም። ስልኩ ግን ያውቀዋል። ሳጥኑን ከፍቼ አወጣሁት። ባትሪው ሞቷል። መርሳ ከትናንት ጀምሮ መብራት አልነበረም። «እዚያ ሰሌዳው አለ፤ በፀሐይ እንሞላዋለን» አለ ተክላይ። ባጃጅ ያዝን። የባጃጁ ሾፌር ስለ ሽንኩርት ዋጋ ሲያወራ ሄደ፤ ተክላይ «እ፣ እ» ይለዋል።

አባ ሙሄ ከሩቅ አይተውኝ ተነሱ። ከሞተ ወዲህ እዚያ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው። ቁልፎቼን ድንጋዩ ላይ አደረግኩ። ስልኩን ተክላይ ወስዶ ኮምፒውተሩ ክፍል ሰካው።

«አሰላሙ አለይኩም አባ ሙሄ። እንዴት ከረሙ አንቱ?»

«ወአለይኩም ሰላም። አልሃምዱሊላህ። ከሳሽ ልጄ።»

ጥላ ሥር ተቀመጥን። ተክላይ ነገሩን አስረዳቸው። ብዙ አልፈጀበትም፤ ከእንድሪስ ጋር ዘጠኝ ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው። «ቀኑን ሊያወጡት ነው?» አሉ። ዱላቸውን ከአንድ ጉልበታቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «ሰው እየሰደበኝ የጠበቅኩትን ቀን?»

«ያን ቀን ጠዋት ብረት ገብቷል ወይ አባ?» አለ ተክላይ።

«ገብቷል። የኔ ማጭድ። ስሮጥ ከእጄ አልጣልኩትም። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

«እሱ በኋላ ነው፣ ሹል ሆኖ ይታያል። ከዚያ በፊት ሌላ ብረት አለ።»

«የለም።»

«አባ ሙሄ፣ እሱ ራሱ ምንም አልያዘም?»

«ዶክተር ሕግ ያፈርሳል ነው የምትለኝ?» ድምፃቸው ከረረ። «ከአንተ ይልቅ እኔ ነኝ የማውቀው።»

ተክላይ አንገቱን ደፋ። ከክፍሉ አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ስልኬ ነፍስ ዘርቷል። ሄዶ አመጣልኝ። የመጨረሻዎቹ ጥሪዎች እንደነበሩ አሉ። 10:31። 10:33። 10:38። እነዚህ ያልተነሱ ናቸው። 10:52፣ የተነሳው። ከዚያ ወዲህ ምንም። አነበብኩላቸው። ተክላይ ሦስት ሦስት እየቀነሰ ጻፈ።

«አባ ሙሄ» አልኩ፤ «ሲደርሱ እሱ ወድቆ ነበር አይደል?»

«ወድቆ ነበር።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«እዚያ ማዶ ሣር አጭዳለሁ።»

«ምን ሰምተው ሮጡ?»

የዱላቸውን ጫፍ መሬት ላይ ማዞር ጀመሩ።

«አልጮኸም። ሰው አልነበረም። ምን ሰምተው ነው ማጭድ እንደያዙ የገቡት?»

«ስልክ» አሉ።

«ከድንጋዩ?»

«ከድንጋዩ ቢሆን ምን ያስሮጠኛል? ድንጋዩ ላይ ስልክ ሲጮህ ነው የሚውለው።» ፊታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «ከውስጥ ነው። ስልክ ከዚያ ጎጆ ውስጥ ጮኸ። አንድ ጊዜ ጮኸ፣ ጆሮዬ ነው አልኩ። ደገመ። ሦስተኛ ሲጮህ ሮጥኩ።»

ተክላይ ብዕሩን አቆመ።

«ሲገባ አይቼው ነበር» አሉ። «‹ዶክተር፣ ስልኩን ረሱት› አልኩት ድንጋዩን ሲያልፍ። ‹አልረሳሁትም አባ ሙሄ። ዛሬ ከደወለች ሳልሰማት እንዳልቀር ነው። መዝገብ ላይ እጽፈዋለሁ› አለኝ። አለፈ። ከወደቀ በኋላ ጎረቤት ጠርቼ ስናወጣው ስልኩን እኔው ከኪሱ አወጣሁና ድንጋዩ ላይ አደረግኩት። በሞተበት ቀን ሕግ አፈረሰ እንዳይባል ብዬ። ለአንቺም አልነገርኩሽም። ስሙን የጠበቅኩ መስሎኝ ነው ልጄ። ወላሂ።»

ለካ እኔ ስደውል ድንጋዩ አልነበረም።

ምን እንደተሰማኝ ብጽፍላችሁ ደስ ባለኝ። እጄ ላይ ያለውን ስልክ አየሁ። 10:31 ይላል። ባትሪው አራት ከመቶ ነበር። እሱን አስታውሳለሁ።

«የባለ ቁልፍ ስልኩ ሰዓት በምን ነበር የተሞላው?» አለ ተክላይ።

«በእኛ። ረምላ ናት የሞላችለት።»

«ሌላ ጊዜ በእጁ ሰዓት የለም፤ ኮምፒውተሩ ላይ አይቶ ነው የሚጽፈው። ያን ቀን ስልኩ እጁ ላይ ነበር፤ በሩ ላይ ቆሞ ከስልኩ አነበበ። 4:10። ሳያስበው።» ተነስቶ ትንሽ ተራመደና ተመለሰ። «ዘሀራ፣ የደወልሽበትን ደቂቃ መስመሩ ላይ ልይ። ስልክ ሲጮህ የሚለቀው ነገር አለ፤ መሣሪያው ከቀረበው ያየዋል። ማየት ካልፈለግሽ…»

«አሳየኝ።»

ኮምፒውተሩ ክፍል ገባን። መስመሩን ሳበው፣ አሰፋው። ከ7:10 ደረጃው በኋላ መስመሩ ይርበተበታል፣ ትንሽ ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ታች።

«ይኸ ምንድነው?»

«እንድሪስ ነው» አለ። ቶሎ ብሎ አረመ፦ «ስልኩ ነው። ኪሱ ውስጥ ሆኖ፣ እሱ ወዲያ ወዲህ ሲል።»

ርብትብቱ እስከ 7:21 ይሄዳል። ከ7:21 በኋላ መስመሩ በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ ይላል።

አሥራ አንድ ደቂቃ። «ከዚህ በኋላ አልተንቀሳቀሰም?»

«ስልኩ አልተንቀሳቀሰም።»

«ትንሽም?»

«ትንሽም ዘሀራ።»

ወዲያው ነው ሲሉኝ ሰው አላመንኩም ነበር። ይህን መስመር አመንኩት።

ቀጥ ባለው መስመር ላይ ጣቱን እያስኬደ 7:31 ጋ ደረሰ። አንዲት ትንሽ ጥርስ አለች። 7:33፣ ሌላ። 7:38፣ ሌላ። ሦስት ናቸው። ከዚያ የአባ ሙሄ ማጭድ፣ ትልቅ ሹል። ከዚያ 7:44 ላይ ደረጃው ወረደ፤ ሲያወጡት።

ተክላይ አፍንጫውን በእጁ ያዘ። እኔ ጥርሶቹን ቆጠርኩ፤ ደግሜ ቆጠርኩ። ምንም ጉዳይ ሳይኖረኝ፣ ልፈትነው ብዬ የደወልኩባቸው ናቸው። ማኅበሩ በሙሉ አራት ወር ሲያያቸው ምን እንደሆኑ አላወቀም።

መልሱን እዚያው ጻፈ። የስልኬን ፊት ፎቶ አንስቶ አያያዘ፤ የመዝገቡንም ገጽ። ሊልከው ሲል ቀና አለ። «አንድ ነገር ልንገርሽ። ስልክ መሆኑ ከታወቀ መሣሪያው አልተነካም ማለት ነው፤ ማዕበሉ ይድናል። ግን ስልኩን ከመስመሩ ላይ ይቀንሱታል። ደረጃው፣ ርብትብቱ፣ ሦስቱም ጥርሶች ይጠፋሉ። ንጹሑ መስመር ላይ አይኖሩም። ልላከው?»

በመስኮቱ ጎጆዋ ትታያለች።

«ፀሐይ አይደሉም» አልኩ። «ይቀነሱ።»

ላከው።

መልስ የመጣው እዛው እያለን ነው፤ አባ ሙሄ ለአሱር ውዱእ ሲያደርጉ። አጭር ነበር። ቀኑ ተቀባይነት አግኝቷል ይላል። ጠባቂውንና ቤተሰቡን ያመሰግናል። ተክላይ ለአባ ሙሄ ሄዶ ሲነግራቸው እርጥብ እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሱ፤ «አልሃምዱሊላህ። ለሰደቡኝ ሁሉ ንገርልኝ» አሉት። ሳቀ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሰው አጠገቤ ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ነው።

ስልኬን ድንጋዩ ላይ አኖርኩና ወደ ጎጆዋ ሄድኩ። ቀለበቴን ለማውለቅ እጄን ሰደድኩ፤ ወርቅ አይቆጠርም፤ ተውኩት። መዝገቡ በር ላይ ተንጠልጥሏል። የመጨረሻው መስመር የእሱ እጅ ጽሑፍ ነው። «ብረት ገባ፣ 4:10።» ከሥሩ ባዶ። ከእሱ ወዲህ የገባ ብረት የለም፤ አባ ሙሄ አላሳለፉም።

እርሳሱን ከክሩ ያዝኩ። 4:10ን በአንድ መስመር ሰርዤ ከጎኑ 7:10 ጻፍኩ፤ እሱ ስህተት ሲያርም እንደዚያ ነው የሚያደርገው፤ አይፍቀውም። ከሥሩ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ብረት ወጣ፣ 7:44። ስልክ።» ስሜን ፈረምኩ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ በኋላ ምክር የምትጠብቁ ካላችሁ የለኝም። ባሎቻችሁን ስልክ አንሱ በሉ አልላችሁም፤ ቂምም አትያዙ አልልም። እኔ ያን ቀን ቂም ባልይዝ አልደውልም ነበር። ባልደውል አባ ሙሄ እስከ ዙሁር ሣር ሲያጭዱ ይውሉ ነበር። እሱ ግን ያኔም ወድቋል። ሁሉንም ደምሬ ቀንሼ አይቼዋለሁ፤ የሚመጣው ቁጥር አይለወጥም።

የተለወጠው ሌላ ነው። ከዚያ ቀን በፊት «ባልሽ ምን ይሠራ ነበር?» ሲሉኝ «ፊዚክስ ያስተምር ነበር» እል ነበር። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ነኝ ወደ ጎጆዋ የምሄደው። እርጥበት እንዳልገባ አያለሁ፣ አባ ሙሄ ሳምንቱን የነገሩኝን በዓለም ሰዓት አድርጌ እጽፋለሁ። «ከመግሪብ ትንሽ ቀደም ብሎ ቃጭል ያሰረ በሬ።» ሦስት እደምራለሁ። ማኅበሩ በየጎጆው የሚለኩ ሰዎች ዝርዝር ላይ ስሜን ከስሙ ቀጥሎ አስገብቶታል። ረምላ አንዳንዴ ትከተለኛለች፤ ድንጋዩ ላይ የፀጉር መያዣዋን ሳይቀር ታወልቃለች። ሰው «አልረሳሽውም ወይ?» ይለኛል። እኔ ቁልፎቼን ድንጋዩ ላይ አኖራለሁ።

ተክላይ አንድ ቀን የነገረኝ ነገር አለ። የሚታተመው፣ ሰው የሚያጠናው፣ ንጹሑ መስመር ነው። ጥሬው ልኬት ግን አይጣልም። ምን እንደተቀነሰ ለማየት የሚፈልግ ሰው ቢኖር ተብሎ ሁለቱም ይቀመጣሉ። ሰባት ሰዓት ከሠላሳ አንድ፣ ከሠላሳ ሦስት፣ ከሠላሳ ስምንት። አጠገቡ አንድ ቃል ማስታወሻ አለ፤ «ስልክ» ይላል።

ልክ ነው። ስልክ ነው።